ቀጥ ብሎ የጠፋው ሻማ

አዳማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶረቲ፣

አንቺም አባትሽም እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። ዘርፉ ግን እንደ ወትሮዋ ታማርረኛለች፤ «ከእኔ ይልቅ ለሣጥኖችህ ትሳሳለህ» ትላለች። እውነቷን ነው። ጓዳ ያሉት ሦስቱ ቮልትሜትሮቼ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጠፍተው አያውቁም። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዛቸዋል፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ እኔ ወገቤን ይዤ ሌላ ባትሪ ስጎትት ታገኚኛለሽ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ እኔ ቮልት እጠብቃለሁ።

በመጀመሪያ ይቅርታ። የደወልሽ ዕለት ዘርፉ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው፤ የሰማሁት ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ነገር ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ኬብል ስቀጥል ኖሬ ዛሬ ስልክ መስማት አቃተኝ፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ነገርሽን ጻፊልኝ። ዓይኔ ገና አልከዳኝም።

አዲስ ቮልትሜትር ልግዛ ወይ ብለሽ ለዘርፉ ለነገርሻት፣ አትግዢ። መሳሪያሽ አልታመመም፤ የታመመው ቤትሽ ነው። ቀን በቆርቆሮ ሥር እየተጠበሰ፣ ማታ በሐይቁ ንፋስ እየበረደ እንዴት አንድ ቃል ይናገር? እንዲህ ያለ መሳሪያ እንዳይጠፋ፣ እንዳይነቀነቅ፣ ሙቀት እንዳይለዋወጥበት ብቻ ነው የሚፈልገው። እንደ እኔ ቮልት ልትጠብቂ ከተነሳሽ ከጓሮሽ ቆፍሪ። ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ፣ ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ፣ ጣራው አፈር የለበሰ። ከመሬት ሆድ የበለጠ የማይለዋወጥ ነገር አላውቅም። ድንች እንኳ እዚያ ነው የሚሰነብተው።

ሙሽራዋን በኡበይደላ ሚኒባስ እልክልሻለሁ። ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ልክ አስር ቮልት የምትሰጠው ትንሿ ሣጥን ናት። እኔ እዚህ በሦስቱ አይቻታለሁ፤ አንቺ እዚያ በራስሽ ታያታለሽ፤ ከተስማማን መሳሪያሽ እውነተኛ ነው። ከነባትሪዋ፣ በጋቢ ተጠቅልላ፣ ሳትበርድ መድረስ አለባት። ኡበይደላ መናኸሪያ ውስጥ ገና ሲያየኝ «እንዳልነቀንቃት፣ ፀሐይ እንዳይነካት፣ መንገድ ላይ እንዳልቆም፤ አውቃለሁ ጋሼ» ይለኛል። ይሳቅብኝ፣ ብቻ ያድርስልኝ።

አባትሽን ጫምሳን ሳሚልኝ። የሆቴላችሁን መሳሪያ ልታሠሪ አብራችሁ የመጣችሁ ጊዜ ምሳ ላይ ያወራኝ ወሬ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ጉልበቱስ ተሻለው?

ወዬሳ


ላንጋኖ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዬሳ፣ ለእትዬ ዘርፉም፣

ከአባዬና ከእኔ ብዙ ሰላምታ ይድረሳችሁ። ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ሆቴሉ በእንግዳ ተጨናንቋል፣ ኤሌክትሪክ የሚነካው ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ጉድጓዱ አልቋል። ከሙሽራዋ ጋር በላኩት ወረቀት ማን ቆፈረልሽ ላሉኝ፣ የቆፈሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ግን አባዬ ነበር። በርጩማውን አፋፉ ላይ አድርጎ፣ በዱላው እያመለከተ፣ አንዱንም ድንጋይ ሳይነቅፍ አላሳለፈም። ወለሉን በሲሚንቶ እንምታው ስንል «ሲሚንቶ ጉልበት ይበላል» ብሎ ከለከለን። ስለዚህ ወለሉ የተደለደለ አፈር ነው።

ሙሽራዋ ሙቀቷን ይዛ ገባች። መሳሪያዬን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ፣ እንዳሉኝ ጥቂት ቀን ሳልነካው ቆይቼ ነው የለካኋት። ጋሼ፣ ከእርስዎ ቁጥር ጋር ገጠመ። የምትጫወተው የመጨረሻዋ ቁጥር ብቻ ናት። ብቻዬን ሳቅሁ። አባዬ ከላይ ሆኖ «ምን አገኘሽ?» ይለኛል፤ «ልክ ሆንኩ» አልኩት። «መቼ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጥፋቴን ሁሉ የሚያልፍልኝ እሱ ብቻ ነው። እኔም ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም።

በዚያው ወረቀት ንፋስ ለመፈለግ ያሉኝን የሻማ ነገር ሞክሬዋለሁ። ለኩሼ ወለሉ ላይ ሳቆመው ነበልባሉ ወደ በሩ ያዘነብላል። ንፋስ አለ ማለት ነው አይደል? ምን ላድርገው?

ስልክ ያላነሳሁት ንቄ አይደለም። ጉድጓዱ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ሲያጣኝ ይናደዳል፣ እኔ ግን እፎይ እላለሁ።

ልጅዎ ሶረቲ


አዳማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶረቲ ልጄ፣

ሰላምታዬን ለሁለታችሁም በደቦ ተቀበሉኝ፤ ዛሬ ብዙ የምጽፈው አለኝ።

አዎ፣ ንፋስ ነው። ንፋስ ሽቦው የሚታሰርበት ላይ ሲያርፍ አንዱን ጫፍ አቀዝቅዞ ሌላውን ይተዋል፤ ከዚያ ማንም ያልጠራው ቮልት ይፈጠራል። ስለዚህ በሩን ዙሪያውን በስፖንጅ አሽጊው፤ ከላይም ከሥርም። ወረቀት የማያሳልፍ ይሁን። በሩ ላይም «አይከፈትም» ብለሽ ለጥፊበት። ደህና የታሸገ ክፍል አንዴ ከተከፈተ ግማሽ ቀን ይበላብሻል። ማንም ቢመጣ፣ ሥራ አስኪያጅሽም ቢሆን፣ ቆሞ ይጠብቅ።

ባለፈው መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ምን ሆናችሁ ብለሽ ዘርፉን በስልክ ጠይቀሻታል። እኛ ምንም አልሆንንም። ብርጭቆ ተንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ፤ ይህን ዘርፉ ናት የነገረችኝ። እሷ ነጠላዋን ይዛ ወደ ውጭ ስትሮጥ እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ሦስቱም አልተነቃነቁም፤ ቁጥራቸው እንዳለ ነው። ይህን በኩራት ስነግራት ዘርፉ ምን እንዳለችኝ አልጽፍልሽም። እስካሁንም ይቅር አላለችኝም።

ሙሽራዋን ቶሎ መልሺልኝ። ጫምሳ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ ይቀመጣል ብለሽ ለዘርፉ የነገርሻት አስቆኛል። ኪራይ አስከፍዪው።

ወዬሳ


ላንጋኖ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዬሳ፣

እንደምን አሉልኝ? እትዬ ዘርፉስ ይቅር አሉዎት? አባዬ ጤነኛ ነው፣ ከጤነኛም በላይ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ወሬዬ ደስ ስለማይል ነው።

መሳሪያዬ መሸሽ ጀምሯል። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ቁጥሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አይመለስም። ቴርሞሜትሩም አብሮ ወጥቷል። ወለሉን በእጄ ስነካው ከግድግዳው ይልቅ ይሞቃል። ማንም ሳይገባበት፣ በጠዋትም ይሞቃል። ምን ይመስልዎታል?

በሩን እንዳሉኝ አሽጌዋለሁ። ወረቀት ከሥሩ ላስገባ ሞክሬ አላሳልፍ ብሎኛል። «አይከፈትም» የሚለውንም በትልቁ ጽፌ ለጥፌአለሁ። ሻማውን እንደገና ወለሉ ላይ አቆምኩት፤ አሁን አያዘነብልም። ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ እያነሰ እያነሰ ይጠፋል። ደጋግሜ ለኮስኩት፣ ያው ነው። ክብሪቱ ራሱ ወደ ወለሉ ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል። ንፋሱ ቆሟል ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኛል፣ ግን አልገባኝም።

አባዬ ግን ለወለሉ ሌላ ስም አውጥቶለታል፤ ሶደሬ ይለዋል። ከምሳ በኋላ ሰሌን አንጥፎ፣ ጉልበቱን አፈሩ ላይ አድርጎ ይጋደማል። «ፍልውሃ ፍለጋ አውቶቡስ እሳፈር ነበር፣ ይኸው ፍልውሃው በእግሩ መጣልኝ» ይላል። እውነትም የጉልበቱ ሕመም ለቆታል። ትናንት ያለ ዱላ ገበያ ሄዶ ተመለሰና «ለወዬሳ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ በይልኝ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው እሱ ነው» አለኝ። ሲራመድ ሳየው አለቀስኩ።

እኔን ግን ጉድጓዱ ውስጥ ስቆይ ራሴን ያመኛል።

ሶረቲ


አዳማ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶረቲ፣ ወንድሜ ጫምሳም፣ እንዴት ናችሁ?

የጫምሳን መራመድ ሳነብ እኔም ወገቤ የተፈታ መሰለኝ። ቦታ ካለው ለእኔም ሰሌን ያንጥፍልኝ።

የሙቀቱ ነገር አያስጨንቅሽ። የታሸገ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራ መሳሪያ አለ፣ አንቺ አለሽ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የሚያንኮራፋ ሽማግሌ አለ። ቤቱ ባይሞቅ ነበር የሚገርመኝ። ወለሉም ቢሆን አባትሽ ሲያሞቀው ውሎ ሌሊቱን ይዞት ያድራል። መሳሪያሽ ደግሞ ልጅ አይደለም፣ ያረጃል፤ ሲያረጅ ቁጥሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። በሙሽራዋ እያየሽ የተሳሳተውን ያህል ቀንሺለት። ከቀነስሽለት በኋላ ልክ ከመጣ ጉዳዩ አለቀ።

ሻማው የቻይና ይሆናል። ክሩ ቀጭን ነው፣ ሰሙ ያፍነዋል። ለማንኛውም ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ሞክሪና ጻፊልኝ።

ራስሽን የሚያምሽ ምሳ ስለማትበዪ ነው። አውቅሻለሁ።

ዘርፉ ደብዳቤሽን ሳነብላት «መሬት በነጻ አይሞቅም፤ ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» አለችኝ። እሷ ከገበያ ስትመለስ ሁሉም ነገር ያስፈራታል። ሰላም ብላችኋለች።

ወዬሳ


ላንጋኖ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዬሳ፣

ጥምቀት እንዴት አለፈ? በኛ በኩል ደህና ነበር፤ ድመታችን ከመሞቷ በቀር። ጉድጓዱ ውስጥ አባዬ ሥር ወለሉ ላይ እንደተኛች አልነቃችም። ጎረቤት የአይጥ መርዝ አስቀምጠው ነበር፣ እሱን በልታ ይሆናል አልን። አባዬ በጣም ነው ያዘነው፤ እሱም ቢሆን ለድመት አለቀስኩ እንዳይባል ደብቆ ነው።

የጠየቁኝን ሻማ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አየሁት። እዚያ ላይ ደህና ይነዳል፣ አያዘነብልም፣ አይጠፋም። ወለሉ ላይ ሳወርደው ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ክሩ ደህና ነው። መሳሪያው ያለው ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ግድ የለውም ብዬ ተውኩት።

እንዳሉኝም እየቀነስኩለት ነው። የምቀንሰው በየሳምንቱ እያደገ ሄዷል፣ ቀንሼ ሳየው ግን ልክ ይመጣል። እርስዎ ባይኖሩ መሳሪያውን ጥዬው ነበር።

አባዬ እንቅልፍ አብዝቷል። ባለፈው ልቀሰቅሰው ብጠራው ብጠራው አልሰማ አለኝ፤ በግድ አስነስቼ ወደ ውጭ ካወጣሁት በኋላ ነው ወደ ራሱ የተመለሰው። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ስደነግጥ አይቶ ሳቀብኝ። «ሽማግሌ ሙቀት ሲያገኝ እንዲህ ነው፤ ብርድ ላይ ምን ነበር የሚያስተኛኝ?» አለኝ።

ሆቴሉ ለሥልጠና ሐዋሳ ልኮኛል፣ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ሙሽራዋን ሳልመልስ መሄዴን ይቅር ይበሉኝ፤ ስመለስ የመጨረሻ ልኬት ልወስድባት ነው። መሳሪያውን አባዬ እዚያው ሰሌኑ ላይ ሆኖ ይጠብቅልኛል። በሩን እንዳይከፍት፣ ማንም ቢያንኳኳ እንዳያስገባ ነግሬዋለሁ። «ከእናንተ ቮልት ጋር ሌባ የሚጣላ መሰለሽ?» አለኝ፣ ግን እሺ ብሏል። እሱ እሺ ካለ ያደርገዋል።

ሶረቲ


አዳማ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጫምሳ ወንድሜ፣

ሰላምታውን በኋላ። ይህን ስታነብ ተነስና ከጉድጓዱ ውጣ። ሳትወጣ የቀረውን አታንብብ።

ዘንበል ያለ ሻማ ንፋስ አለው። ቀጥ ብሎ የጠፋ ሻማ ግን የሚተነፍሰው አየር የለውም። የሶረቲ ደብዳቤ ዛሬ ደርሶኝ ጠረጴዛ ላይ ይነዳል ወለል ላይ ይጠፋል የሚለው ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። በሥራ ዘመኔ ማንሆል ወደምንለው የኬብል ጉድጓድ ስንወርድ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተን እናስተነፍሰው ነበር፣ ከዚያ ፋኖስ በገመድ እናወርድ ነበር። ፋኖሱ ከጠፋ ሰው አይወርድም። መጥፎ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ከሥር ይተኛል። ቆሞ የሚሠራውን ራሱን ያመዋል፣ የተጋደመውን ግን ይወስደዋል። ድመቷን የገደላት የአይጥ መርዝ አይደለም።

ወለልህ የሚሞቀው በአንተ ገላ አይደለም። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ከሥር የሚመጣ ነገር አለ። መሳሪያው ሊነግረን ሲሞክር እኔ ቀንሱለት አልኩ።

ዘርፉ ከጠዋት ጀምሮ ትደውላለች። ያንተ ስልክ አይሠራም፣ የሶረቲ ተዘግቷል፣ ሆቴሉም አያነሳም። ራሴ ልመጣ ብዬ ነበር። መብራት ሄዶ ባትሪውም እየደከመ ስለሆነ ከቤት መውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ ደብዳቤውን ለኡበይደላ እሰጠዋለሁ፤ እስከ በርህ ድረስ ያመጣልሃል።

በሩን ክፈተው። ክፍቱን ተወው። የለጠፍነውንም ቅደደው።

ወዬሳ


ላንጋኖ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ወዬሳ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ግፊትዎስ? መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ።

ደብዳቤዎ ደርሷል። አባዬን ከጉድጓዱ አውጥተነዋል፤ ስለዚህ ስለ እሱ አይጨነቁ። ጉድጓዱን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ በድንጋይና በአፈር ደፍኖታል። ጎረቤት አልተለየኝም፣ ብቻዬን አይደለሁም።

ሙሽራዋን መልሼልዎታለሁ። ልኬት አልወሰድኩም፤ ሳልወስድ በመቅረቴ ይቅርታ።

መምጣት አያስቡ። መንገዱ ለወገብዎ አይሆንም፣ አሁን ደግሞ ፀሐዩ ከባድ ነው። ለጥቂት ጊዜ ባልጽፍም አይቀየሙኝ። በእርስዎ ቅር አላለኝም። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ሶረቲ


አዳማ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሶረቲ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ያልጻፍሽውም ደርሶኛል።

መጀመሪያ ዘርፉን ልክሰሳት። ባለፈው ሳምንት «ዝዋይ ሰርግ ተጠርቻለሁ» አለችኝ። ጥር ነው፣ ሰርግ ይበዛል፣ አመንኳት። እሷ ከበሩ ስትወጣ ግን ነጠላዋን አየሁት፤ ዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው፣ ጥለቱ ትከሻዋ ላይ ወጥቷል። እንደዚያ ለብሶ ሰርግ የሚሄድ ሰው አላውቅም። ሳልጠይቃት ቀረሁ። ልጠይቃት ስለፈራሁ ነው። ስትመለስ እንደ ልጅ «ጫምሳ ደህና ናቸው» የሚል ወረቀት ጽፋ አሳየችኝ፣ እኔም እንደ ልጅ አንብቤ ተቀበልኳት።

ከዚያ ሙሽራዋ መጣች። ጋቢውን ስፈታ ቀዝቅዛለች። ባትሪዋ ከተቆረጠ ቆይቷል። አንቺ እሷ እንድትበርድ የምትተዪው ቤትሽ ቢቃጠል ብቻ ነው። ቀዝቃዛዋን ሣጥን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ኡበይደላን ያዝኩት። ሊሸሸኝ ነበር። ጆሮዬ ላይ አስጮህኩት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየን። ያን ቀን ደብዳቤውን ስሰጠው ቶሎ አድርስ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው ብዬው ነበር። እሱ ግን ሁልጊዜ ስለ ሙሽራዋ የምለውን ያልኩ መስሎት አውቃለሁ ጋሼ ብሎኝ ሄደ። በየጊዜው በሣጥን ስጨነቅ ስላየኝ የዕለቱ ጭንቀቴ አዲስ አልሆነበትም። አልፈርድበትም።

ቢሆንም እስከ በሩ ሄዷል። «አይከፈትም» የሚለውን አንብቧል። አንኳኩቷል፣ ማንም አልመለሰለትም። ጫምሳ አትክፈት የተባለውን ጠብቆ ነው ብሎ አስቧል። ተሳፋሪው መኪና ውስጥ ይጮኽበታል። ከዚያ ደብዳቤዬን ከበሩ ሥር ሊያሾልከው ጎንበስ አለ። አላልፍ አለው፤ ስፖንጁ ጥብቅ ነበር። ቢቸግረው ጎረቤት ሰጥቶት ሄደ፣ ጎረቤቷም አንቺ እስክትመለሺ አስቀመጠችው። ወረቀት የማያሳልፍ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሶረቲ። አንቺ ያልኩሽን አደረግሽ።

ያን ሰዓት ጫምሳ በሕይወት ይኑር አይኑር ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። አንቺም አታውቂውም። ሁለታችንም ሳናውቀው እንኖራለን።

የኡበይደላ መኪና ያን ቀን ባዶ ወንበር ነበረው። ራሱ ነው የነገረኝ። እኔ ብመጣ «አይከፈትም» የሚለው አያቆመኝም ነበር፤ ራሴ ነኛ ያስለጠፍኩት። የቀረሁት ሦስቱ እንዳይጠፉብኝ ባትሪ ልቀይር ነው። ይህን ዘርፉ አታውቅም፣ ነገ ትነግሪያታለሽ ወይም እኔ እነግራታለሁ።

የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ ለእኔም ሰሌን ያንጥፍልኝ እያልኩ ስልስ ነበር። በእኔ ቅር እንዳላለሽ ጽፈሻል። አንብቤዋለሁ። ግን ቅር ቢልሽ ይሻለኛል፤ አባትሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጓዳ ገብቼ ሦስቱንም አጠፋኋቸው። ዘርፉ ስትገባ ጨለማውን አይታ ቆመች። ሄዳ ጥቁር ኮቴን አወጣችልኝ።

ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። አትምጣ አትበዪኝ፣ ለጫምሳ ሳላለቅስ አልቀርም። የቤታችሁን በር ክፍት አድርጊልኝ። ባንኳኳ ግቡ የሚለኝን አልሰማም።

ወዬሳ